የቤት ዋይፋይ ራውተር ደኅንነት

የቤት ዋይፋይ ራውተር ከኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት የሚመጣውን መስመር ተቀብሎ በሬዲዮ ሞገድ ለቤቱ ስልኮች፣ ላፕቶፖች፣ ቴሌቪዥኖችና ካሜራዎች የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች የሚወጣውና ወደ እነርሱ የሚገባው መረጃ ሁሉ በራውተሩ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ራውተሩን የተቆጣጠረ ሰው የቤቱን በር ቁልፍ እንደያዘ ይቆጠራል። በገመድ ብቻ ወደሚሠራ መስመር ለመግባት ግቢ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል፤ የዋይፋይ ሞገድ ግን ከአጥር ውጭም ስለሚደርስ ከመንገድ ላይ ወይም ከጎረቤት ክፍል ሆኖ መሞከር ይቻላል።

የራውተር ደኅንነት በዋጋው አይወሰንም። ወሳኞቹ የሚጠቀምበት የምሥጠራ ዓይነት፣ የይለፍ ቃሉ ጥንካሬ እና ከፋብሪካ ይዟቸው የመጣቸው ቅንብሮች መቀየራቸው ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በተግባር ብዙ ጊዜ ደካማ ሆኖ የሚገኘው የይለፍ ቃሉ ነው።

የምሥጠራ ዓይነቶች

ምሥጠራ ማለት በአየር ላይ የሚተላለፈውን መረጃ ቁልፉ ለሌለው ሰው ትርጉም እንዳይሰጥ አድርጎ መለወጥ ነው። የመጀመሪያው የዋይፋይ ምሥጠራ ዌፕ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ከመጀመሪያው የገመድ አልባ ኔትወርክ መስፈርት ጋር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ፍሉረር፣ ማንቲን እና ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች መሠረታዊ ድክመቱን አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በጀርመን የዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዌፕን ቁልፍ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። የዌፕ ችግር ያለው በአሠራሩ ውስጥ ስለሆነ የይለፍ ቃሉ ምንም ያህል ቢረዝም አያድንም።

በዌፕ ምትክ እ.ኤ.አ. በ2003 ጊዜያዊ መፍትሔ የሆነው ደብሊውፒኤ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ደብሊውፒኤ2 ወጣ። ደብሊውፒኤ2 ኤኢኤስ የተባለውን ጠንካራ የምሥጠራ ስልት ይጠቀማል፤ እስከ ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በቤልጅየም የሌቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማቲ ቫንሁፍ «ክራክ» የተባለውን ጥቃት ይፋ ሲያደርግ ደብሊውፒኤ2ም ቀዳዳ እንዳለው ታወቀ። ይህ ቀዳዳ በሶፍትዌር ዝማኔ የሚደፈን ነበር። ዝማኔው ያልደረሳቸው አሮጌ ስልኮችና ራውተሮች ግን እንደነበሩ ቀርተዋል።

ደብሊውፒኤ3 እ.ኤ.አ. በ2018 ተዋወቀ። ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዋይፋይ ማረጋገጫ የሚጠይቅ አዲስ መሣሪያ ሁሉ ይህን እንዲያሟላ ግዴታ ሆኗል።

የይለፍ ቃል እና አሰባበሩ

በደብሊውፒኤ2 አንድ ስልክ ከራውተር ጋር ሲገናኝ የይለፍ ቃሉን በአየር ላይ አይልክም። ስልኩና ራውተሩ የሚለዋወጡት ከይለፍ ቃሉ የተሰላ ማረጋገጫ ነው። ይህን ልውውጥ በአቅራቢያ ያለ ማንኛውም ላፕቶፕ መቅዳት ይችላል። የቀዳው ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ በራሱ ኮምፒውተር አንድ በአንድ የይለፍ ቃል እየገመተ ውጤቱን ከቀዳው ጋር ያመሳክራል። ራውተሩ እነዚህን ሙከራዎች ፈጽሞ አያያቸውም፤ እንደ ባንክ ካርድ ከሦስት ስህተት በኋላ የሚቆልፍ ነገር የለም።

መስፈርቱ ግመታውን ለማዘግየት እያንዳንዱ የይለፍ ቃል ከኔትወርኩ ስም ጋር ተቀላቅሎ 4,096 ዙር እንዲሰላ ያደርጋል። የኔትወርኩን ከፋብሪካ የመጣ ስም መቀየር የሚመከረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ለተለመዱ ስሞች አስቀድሞ ተሰልቶ የተዘጋጀ የግምት ሰንጠረዥ ይገኛል፤ ለልዩ ስም ግን ስሌቱ ከዜሮ መጀመር አለበት።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል እ.ኤ.አ. በ2021 በቴል አቪቭ ታይቷል። ሳይበርአርክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ተመራማሪ ኢዶ ሆርቪች በከተማዋ እየተዘዋወረ የ5,000 ኔትወርኮችን ማረጋገጫ ሰበሰበ። ከእነዚህ ውስጥ ከ3,500 በላይ የሚሆኑትን፣ ማለትም 70 በመቶ ያህሉን ሰበረ። ከተሰበሩት መካከል 2,200 ያህሉ የእስራኤል የሞባይል ስልክ ቁጥሮች ነበሩ። ቁጥሩ አሥር አሃዝ ቢሆንም በ05 እንደሚጀምር ስለሚታወቅ የሚገመተው ስምንቱ አሃዝ ብቻ ነው። ይህም 100 ሚሊዮን አማራጭ ሲሆን በአንድ ላፕቶፕ ለአንድ የይለፍ ቃል በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ወስዷል።

የኢትዮጵያ የሞባይል ቁጥርም ከዚህ አይለይም። አሥር አሃዝ ነው፤ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል፤ የቀረው ስምንት አሃዝ ነው። በመሆኑም የቤቱን አባት ወይም እናት ስልክ ቁጥር የዋይፋይ የይለፍ ቃል ማድረግ ቁጥሩን ለማያውቅ ሰው እንኳ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ለሚያውቅ ጎረቤት ደግሞ ሥራም አይባል። የልደት ቀን ከዚህም የባሰ ነው። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ያሉት ቀናት 36,500 ያህል ብቻ ስለሆኑ በዚያው ላፕቶፕ ከአንድ ሰከንድ በታች ተሞክረው ያልቃሉ።

በሌላ በኩል ከትንንሽ የላቲን ፊደላትና ከቁጥሮች በዘፈቀደ የተመረጠ ባለ 12 ሆሄ የይለፍ ቃል በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ግምት በሚሞክር ኮምፒውተር እንኳ ሁሉንም አማራጮች ለመጨረስ ወደ 150,000 ዓመት ይፈጃል። በዘፈቀደ የተመረጠ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ስም ላይ 123 የጨመረ ቃል ርዝመቱ 12 ቢደርስም በግምት ዝርዝሮች መጀመሪያ ላይ ይገኛል።

ደብሊውፒኤ2 ከ8 እስከ 63 ሆሄ ይቀበላል፤ የሚቀበለው ግን የላቲን ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና የተለመዱ ምልክቶችን ብቻ ስለሆነ በግዕዝ ፊደል የይለፍ ቃል ማስገባት አይቻልም። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ግን ጥሩ አማራጭ ነው። ወጥ የሆነ አጻጻፍ ስለሌለው አንዱን ቃል ሰዎች በተለያየ መንገድ ይጽፉታል፤ ይህም ግመታን ያከብዳል። ለማስታወስ የሚቀለው ዘዴ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላትን መደርደር ነው፤ ለምሳሌ ጀበና፣ ጎማ፣ ሐምሌ፣ ዝሆን፣ መሰላል። (እነዚሁ አምስት ቃላት እዚህ ስለታተሙ ከእንግዲህ አያገለግሉም።) የታወቀ ምሳሌያዊ አነጋገር ወይም የመዝሙር ስንኝ ግን ርዝመቱ ቢያማልልም ሌላውም ሰው በቃሉ የሚያውቀው ነው።

ደብሊውፒኤ3 ይህን የግመታ ዘዴ ከመሠረቱ ለመከላከል የተነደፈ ነው። በእርሱ የተቀዳ ልውውጥ ለብቻው አይጠቅምም፤ እያንዳንዱ ግምት ከራውተሩ ጋር በቀጥታ መሞከር አለበት። በተጨማሪም የይለፍ ቃሉ በኋላ ቢታወቅ እንኳ ቀደም ሲል የተቀዳ መረጃ በእርሱ አይፈታም። በደብሊውፒኤ2 ግን የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ልውውጡን ከቀዳ የሌላውን ተጠቃሚ የዋይፋይ ምሥጠራ መፍታት ይችላል።

የራውተር ምርጫ

በኢትዮጵያ መስመር ሲገባ ራውተሩ ብዙ ጊዜ ከመስመሩ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ምርጫው ጠባብ ነው። ምርጫ የሚኖረው ሲም ካርድ የሚቀበል የ4ጂ ራውተር ሲገዛ ወይም ከአቅራቢው መሣሪያ ኋላ ሁለተኛ ራውተር ሲታከል ነው።

በካርቶኑ ላይ ሻጮች የሚያጎሉት ፍጥነትና የአንቴና ብዛት ነው። የአንቴናው ብዛት ስለ ደኅንነት የሚናገረው ነገር የለም። ይልቅ መታየት ያለበት ደብሊውፒኤ3 የሚል ጽሑፍ መኖሩ እና አምራቹ ለዚያ ሞዴል አሁንም የፈርምዌር ዝማኔ የሚያወጣ መሆኑ ነው። ፈርምዌር ራውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ውስጣዊ ሶፍትዌር ነው። በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የሞዴሉ የመጨረሻ ዝማኔ የብዙ ዓመት ዕድሜ ካለው መሣሪያው ተትቷል ማለት ነው፤ በርካሽ ቢሸጥም መተው ይሻላል። ያገለገለ ራውተር የሚገዛ ሰው የቀድሞው ባለቤት ቅንብር ውስጡ እንዳለ ማሰብ አለበት፤ ከመጠቀሙ በፊት ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ ይኖርበታል።

ቅንብር

የራውተሩ መቆጣጠሪያ ገጽ የሚከፈተው በብራውዘር አድራሻውን በመጻፍ ነው። የተለመዱት አድራሻዎች 192.168.1.1 እና 192.168.0.1 ሲሆኑ ትክክለኛው በመሣሪያው ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ከዚያው ወረቀት ላይ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃልም አለ። ይህ የመቆጣጠሪያው የይለፍ ቃል ከዋይፋዩ የተለየ ነው። ሁለቱ ስለሚምታቱ ብዙ ሰው የዋይፋዩን ቀይሮ የመቆጣጠሪያውን «አድሚን» እንደሆነ ይተወዋል። መጀመሪያ መቀየር ያለበት ግን እርሱ ነው፤ ያልተቀየረ ከሆነ ዋይፋዩን የተጠቀመ ማንኛውም እንግዳ መላውን ቅንብር መለወጥ ይችላል።

ቀጥሎ የኔትወርኩ ስም ይቀየራል። የቤተሰቡን ስም ወይም የቤት ቁጥርን መጠቀም ግን ሞገዱ የማን እንደሆነ ለመንገደኛ ሁሉ መናገር ነው። በምሥጠራው ክፍል ደብሊውፒኤ3 ይመረጣል፤ አሮጌ ስልክ በቤቱ ካለ ሁለቱን የሚያጣምረው ምርጫ፣ እርሱም ከሌለ ደብሊውፒኤ2 ከኤኢኤስ ጋር።

ደብሊውፒኤስ መጥፋት አለበት። ይህ ረጅም የይለፍ ቃል ሳይጻፍ በአዝራር ወይም በ8 አሃዝ ቁጥር ለማገናኘት የተሠራ አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሽቴፋን ፊቤክ የተባለ ተመራማሪ ራውተሩ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ እንደሚያረጋግጥ ገለጠ። የመጀመሪያው አጋማሽ 10,000 አማራጭ አለው፤ በሁለተኛው አጋማሽ የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ስለሆነ 1,000 አማራጭ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በድምሩ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ባለ 20 ሆሄ የይለፍ ቃል ያለው ራውተር በዚህ ጓሮ በር ሊገባበት ይችላል።

ከኢንተርኔት በኩል ራውተሩን ለማስተዳደር የሚያስችለው ምርጫም የማያስፈልግ ከሆነ ይዘጋል። የፈርምዌር ዝማኔ ካለ ይጫናል። ዝማኔው በሚጫንበት ጊዜ መብራት ከጠፋ ግን መሣሪያው ተመልሶ ላይነሳ ይችላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ባትሪ ካለው የኃይል ምንጭ ጋር አያይዞ መጫን ይመረጣል። ወደ ፋብሪካ ቅንብር የሚመልሰውን ትንሽ ቀዳዳ ከመጫን በፊትም የመስመሩ መለያ ስምና የይለፍ ቃል በእጅ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ መስመሮች እነዚህ ከተሰረዙ ኢንተርኔቱ የሚመለሰው አቅራቢው ሲሰጥ ነው።

የኔትወርክ ስም መደበቅ ብዙ ጊዜ እንደ መከላከያ ቢነገርም ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ስልኮች ሲገናኙ ስሙን ራሳቸው ስለሚጠሩት የሚያዳምጥ ሰው ያገኘዋል።

መስመር መጋራት

ክፍሎች በሚከራዩበት ግቢ አንድ መስመር ለባለቤትና ለተከራዮች መከፋፈሉ የተለመደ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያውም ይከፋፈላል። የይለፍ ቃል ለአንድ ሰው ሲሰጥ ግን በእርሱ አይቆምም። አብዛኞቹ አዳዲስ ስልኮች የተገናኙበትን ዋይፋይ በኪውአር ኮድ ያጋራሉ፤ አንድሮይድ ላይ የይለፍ ቃሉ ራሱ ከኮዱ ሥር ተጽፎ ይታያል።

ለዚህ የሚስማማው የእንግዳ ኔትወርክ የተባለው አገልግሎት ነው። የራሱ ስምና የይለፍ ቃል ያለው ሁለተኛ ዋይፋይ ሲሆን ተጠቃሚዎቹ ኢንተርኔት ያገኛሉ፤ የባለቤቱን ኮምፒውተር፣ ካሜራና የራውተሩን መቆጣጠሪያ ገጽ ግን በአግባቡ ከተቀናበረ አያዩም። ተከራይ ሲለቅ የሚቀየረው ይህ የይለፍ ቃል ብቻ ነው፤ ባለቤቱ የቤቱን መሣሪያዎች በሙሉ እንደገና ማገናኘት አይኖርበትም።

ሳይፈቀድ በሌላ ሰው ኔትወርክ መግባት በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ድርጊት ነው።

በራውተሮች ላይ የደረሱ ጥቃቶች

ራውተርን የሚያጠቁት ጎረቤቶች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ መግቢያ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን ብቻ እየሞከረ በዓለም ዙሪያ ራውተሮችንና ካሜራዎችን ተቆጣጠረ። በዚያው ዓመት በጥቅምት በሚራይ የተያዙ መሣሪያዎች ዲን በተባለው የአሜሪካ ድርጅት ላይ ዘምተው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ጨምሮ በርካታ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አስተጓጎሉ። በኅዳር ደግሞ የሚራይ ዝርያ የሆነ ጥቃት በጀርመን 900,000 ያህል የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞችን መስመር አቋረጠ።

ዲኤንኤስቼንጀር የተባለው ሌላ ጎጂ ሶፍትዌር ስልቱ የተለየ ነበር። የኮምፒውተሮችንና የራውተሮችን የዲኤንኤስ ቅንብር ይቀይር ነበር። ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥራዊ አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት ስለሆነ፣ በተቀየረ ቅንብር ትክክለኛውን የድረ ገጽ ስም የጻፈ ሰው ሳያውቅ ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራ ይችላል። ስለዚህ በመቆጣጠሪያው ገጽ ላይ የዲኤንኤስ አድራሻው ባለቤቱ ሳይነካው ተቀይሮ ከተገኘ ራውተሩ ተጠልፏል ተብሎ መጠርጠር አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2018 የተገኘው ቪፒኤንፊልተር በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን ይዞ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባለቤቶች ሁሉ ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ ጠየቀ። ማጥፋትና ማብራት ግን የሚያስወግደው የሶፍትዌሩን ከፊል ብቻ ነበር፤ ሥሩ የሚነቀለው መሣሪያው ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ተመልሶ አዲስ ፈርምዌር ሲጫንበት ነው።