የላህ ዳር ቆጠራ

የጎጃምን ቅኔ ያነሣ ሁሉ አብሾን ሳያነሣ አያልፍም። አእምሮ የሚከፍት ቅጠል አለ፣ ተማሪው ቅኔ የሚያውቀው እሱን ጠጥቶ ነው ይባላል። እኔ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ በነበረ ቅኔ ቤት ሦስት ክረምት ደበሎ ለብሻለሁ፤ አብሾ የሚሉትን በዓይኔም አላየሁ። ያየሁት ላህ ወንዝን ነው።

ለማያውቀው ልንገር፤ ቅኔ የሚሠራው ቅኔ ቤት ውስጥ አይደለም። የኔታ ግስና አገባብ ያስተምራሉ፣ ራሳቸውም ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ከዚያ ተማሪው ይበተናል። ይህ ቆጠራ ይባላል። ጀማሪው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና፣ የገፋው ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ እያሰበ ለብቻው ይሄዳል። የቡሬዎቹ ፈጣም ይወርዱ ነበር፤ እኛ ላህ። ቀለም የለ፣ ብራና የለ። ዶቅማው ሥር ቁጭ፣ ደግሞ ብድግ፣ እያጉረመረሙ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ከሰዓት በኋላ የቆጠሩትን ለየኔታ ማሰማት፣ ነገራ አለ፤ ያልቆጠረ አንገቱን ይደፋል።

የቅኔ ላይኛው ትርጉም ሰም፣ የተሰወረው ወርቅ ነው፤ ሰምና ወርቅ የሚለው ስም ከአንጥረኛ የመጣ ነው። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ያበጃል፣ በጭቃ ይሸፍናል፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ በቦታው ወርቅ ያፈስሳል። ወርቁን ከመጽሐፍ እናገኘዋለን፤ ሰሙን ግን ወጥቶ ማየት ነው።

አንድ ጥር ስለ ጥምቀት ቆጥሬ ቀረብሁ። ባሕር ሊታጠብ ወደ ወንዝ ወረደ አልሁ፤ ጌታ ወደ ዮርዳኖስ መሄዱን መናገሬ ነው። የኔታ ዝም ብለው ቆዩና፣

«የትኛው ባሕር ነው ወደ ወንዝ ሲወርድ ያየኸው?»

«አላየሁም፣ የኔታ።»

«ሰሙ ሐሰት ከሆነ ወርቁ ምን ላይ ይፈስሳል? ተመለስ።»

በማግሥቱ ላህ ዳር አንዲት እናት ልጇን ታጥባለች። ልጁ ውኃውን በእግሩ ይመታል፤ ከራስ ፀጉሯ እስከ ቀሚሷ አበሰበሳት። አጣቢዋ ታጠበች። ዮሐንስና ጌታ ማለት ይኸው! እየሮጥሁ ተመለስሁ። የኔታ «ይሁን» አሉ። ከእሳቸው አፍ «ይሁን» ትልቅ ነገር ነበር።

ሊቃውንቱ የቅኔ ቤቶችን መንገድ ሲለዩ ዋድላ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ይላሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ቅኔ አዋቂውን በዛብህን ከሌላ አላመጡትም፤ ከዚሁ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ መካከል፣ ከማንኩሳ ነው። ሰው ግን ጉባኤውን ሲቆጥር ወንዙን ይዘነጋል። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ አይደገምም፤ ነገ ሌላ አዲስ ይፈለጋል። ስለዚህ ስንት ዘመን በነዚህ ወንዞች ዳር የተቆጠረው፣ በጥቂት ሰዎች ቃልና መጽሐፍ ካልተያዘው በቀር፣ የለም። የእኔም ጉባኤ ቃና ግእዙ ጠፍቶብኛል።

አብሾ ግን አልነበረም። ላህን ስትሻገሩ ደበሎ የለበሰ ልጅ ብቻውን ሲያጉረመርም ብታገኙት፣ አብዷል ብላችሁ አትዘኑለት፤ ሰላምታም ይቅርባችሁ። ቆጠራ ላይ ነውና ቤቱን ታስቱታላችሁ።