በባሕር ላይ የሚተከሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በተፈጥሮና በሰው ኑሮ ላይ ምን ያስከትላሉ?

በአውሮፓውያኑ 1991 ዴንማርክ ቪንደቢ ከተባለች መንደር ፊት ለፊት፣ እምብዛም ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ 11 የነፋስ ተርባይኖችን ተከለች። ሁሉም ተደምረው የሚያመነጩት ኃይል 5 ሜጋ ዋት ገደማ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በዓለማችን በባሕር ላይ የተገነባ የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫ በመሆን ታሪክ መዝግቦታል።

ዛሬ በሰሜን ባሕር ላይ የሚቆም አንድ ዘመናዊ ተርባይን ብቻውን ከመላው የቪንደቢ ጣቢያ በእጥፍ የሚበልጥ ኃይል የማመንጨት አቅም አለው። በባሕር ላይ ነፋሱ ከየብስ ይልቅ ይበረታል፤ አነፋፈሱም የተረጋጋ ነው። የእርሻ መሬት አይነካም፤ ከመኖሪያ መንደሮችም ይርቃል።

ነገር ግን ባሕር ባዶ ስፍራ አይደለም። ዓሣ ይራባበታል፤ ወፎች ያቋርጡታል፤ አጥማጆች ይኖሩበታል፤ መርከቦች ይመላለሱበታል። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ የተሰበሰበው ማስረጃ እንደሚያመለክተው ለባሕር እንስሳት ከባዱ ጫና የሚደርሰው ተርባይኖቹ በሚዞሩባቸው ረጅም ዓመታት ሳይሆን በግንባታው ወራት ነው። ዘላቂው ተጽእኖ ደግሞ በአብዛኛው የሚወሰነው ገና ቦታው ሲመረጥ ነው።

ግንባታው እንዴት ይከናወናል?

መጀመሪያ የባሕሩ ወለል ይጠናል። ከዚያም በሰሜን ባሕር በብዛት በሚሠራበት ዘዴ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ግዙፍ የብረት ቱቦ በመርከብ ተጭኖ ይመጣና በከባድ መዶሻ እየተመታ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። ማማው፣ ኃይል ማመንጫውና ሦስቱ መዘውሮች የሚያርፉት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ሞገድ አሸዋውን ሸርሽሮ መሠረቱን እንዳያጋልጠው ዙሪያውን ድንጋይ ይደለደላል። ተርባይኖቹን እርስ በርስና ከየብስ ጋር የሚያገናኙት የኤሌክትሪክ ገመዶችም ከወለሉ በታች ይቀበራሉ። ይህ ሁሉ ሥራ ደለል ያነሣል፤ ውኃውንም ያደፈርሳል። ድፍርሱ ብዙውን ጊዜ በአጭር ጊዜ ይጠራል። አሳሳቢው ግን የመዶሻው ድምፅ ነው።

ከውኃ በታች የሚሰማው ጩኸት

ድምፅ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህም በአየር ላይ ከሚጓዝበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ርቆም ይሰማል። በዚህ በእጅጉ ከሚጎዱት እንስሳት አንዱ ፖርፖይዝ የሚባለው፣ ዶልፊን የሚመስል አነስተኛ የባሕር አጥቢ እንስሳ ነው።

ፖርፖይዝ ድምፅ እየለቀቀ፣ ተመልሶ የሚመጣውን ነጸብራቅ በማዳመጥ መንገዱንና ምግቡን ያገኛል። ሰውነቱ ትንሽ፣ የሚኖርበትም ውኃ ቀዝቃዛ በመሆኑ ሙቀቱን ለመጠበቅ ቀንና ሌሊት መመገብ አለበት። ስለዚህ ከመመገቢያ ስፍራው መባረር ለእርሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ዴንማርክ በ2002 ከምዕራባዊ ጠረፏ ወዲያ 80 ተርባይኖች ያሉትን ሆርንስ ሬቭ የተባለውን ጣቢያ ስትገነባ፣ መሠረቶቹ በሚመቱበት ጊዜ የእንስሳቱ ባሕርይ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርቀት መለወጡ ተመዝግቧል። በአቅራቢያው በ2008 ሁለተኛው ጣቢያ ሲገነባም በተመሳሳይ፣ ከእያንዳንዱ የመዶሻ ሥራ በኋላ በቅርብ ርቀት የነበረው የፖርፖይዝ እንቅስቃሴ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቀንሶ ቆይቷል።

ለዚህ መፍትሔ በመሻት ጀርመን ገደብ አውጥታለች። ከመዶሻው 750 ሜትር ርቀት ላይ የእያንዳንዱ ምት ድምፅ በውኃ ውስጥ መለኪያ ከ160 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። ይህ መለኪያ በአየር ላይ ከምናውቀው ዴሲቤል የተለየ በመሆኑ ሁለቱ በቀጥታ አይነጻጸሩም።

ገደቡን ለማክበር ገንቢዎች "የአረፋ መጋረጃ" ይዘረጋሉ። የተበሳሳ ቱቦ በሥራው ዙሪያ ወለሉ ላይ ይነጠፍና አየር ይነፋበታል፤ ወደ ላይ የሚወጣው አረፋም ድምፁን እየሰበረ ያዳክማል። ከዚህ በተጨማሪ እንስሳቱ የመሸሻ ጊዜ እንዲያገኙ መዶሻው በቀስታ መምታት ይጀምርና ኃይሉን እየጨመረ ይሄዳል።

ወፎች ይሞታሉ ወይስ ይሸሻሉ?

የብዙዎች ስጋት ወፎች ከመዘውሩ ጋር ይጋጫሉ የሚል ነው። ግጭት ይደርሳል፤ መጠኑ ግን እንደ ወፉ ዓይነትና እንደ ቦታው ይለያያል። በዴንማርኩ ኒስቴድ ጣቢያ በራዳር የተካሄደና በ2005 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ከሚሰደዱት ዳክዬዎችና ዝይዎች መካከል ለአደጋ በሚያጋልጥ ርቀት ወደ ተርባይኖቹ የተጠጉት ከአንድ በመቶ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። አብዛኞቹ ጣቢያውን ዞረው አልፈዋል።

መሸሽም ግን የራሱ ዋጋ አለው። በጀርመን የባሕር ክልል ክረምቱን የሚያሳልፉ፣ ጉሮሯቸው ቀይ የሆነና ጠልቀው ዓሣ የሚያድኑ ወፎች ከተርባይኖች ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሲርቁ ታይተዋል። እነዚህ ወፎች በመዘውር አልተመቱም፤ የተነጠቁት መኖሪያቸውን ነው።

ኔዘርላንድስ በበኩሏ በግንቦት 2023 ብዙ ወፎች በሚሰደዱበት ሌሊት በባሕር ላይ ያሉ ተርባይኖቿ ለተወሰኑ ሰዓታት ፍጥነታቸውን እጅግ እንዲቀንሱ አድርጋለች። ኃይል አከፋፋዩ እንዲዘጋጅ የወፎቹ ጉዞ አስቀድሞ ይተነበያል።

አዲስ መኖሪያ ለዓሦች

ግንባታው ሲያበቃ ሌላ ምዕራፍ ይከፈታል። አሸዋማ በነበረ ወለል ላይ ብረትና ድንጋይ ሲቀመጥ ዛጎል ለበስ እንስሳት ይጣበቁበታል፤ እነርሱን ለመመገብ ሸርጣንና ዓሣ ይመጣል። በሆርንስ ሬቭ ከግንባታው በፊትና ከሰባት ዓመታት በኋላ የተደረገው ንጽጽር በተርባይኖቹ አቅራቢያ የዓሣ ዝርያዎች መበራከታቸውን አሳይቷል። በአሸዋ ውስጥ በሚኖሩት ዓሦች ላይም ጉዳት አልታየም።

ሆኖም ይህ ለሁሉም የምሥራች አይደለም። አሸዋማውን ወለል የሚሹ ፍጥረታት ስፍራቸው ይጠብባቸዋል። ከሌላ አካባቢ የመጡ ወራሪ ዝርያዎችም በመሠረቶቹ ላይ ሰፍረው ሊስፋፉ ይችላሉ።

አጥማጆች፣ መርከቦችና የጦር ራዳሮች

በሰው ሥራ ላይ ከሚደርሰው ጫና ቀዳሚው የዓሣ አጥማጆች ነው። በግንባታ ወቅት በየተርባይኑ ዙሪያ እስከ 500 ሜትር የሚደርስ ክልል ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው አሠራር ከአገር አገር ይለያያል። በብሪታኒያ ማጥመድ በአብዛኛው በሕግ አይከለከልም፤ ነገር ግን ወለሉን እየጠረገ የሚጎተት መረብ ከገመድ ጋር እንዳይያያዝ በመስጋት ብዙዎች ይርቃሉ። በጀርመን ደግሞ ክልከላው ጥብቅ ነው። ካሳ ቢከፈልም፣ ከአንድ ስፍራ የተነሡ አጥማጆች ወደ ሌላው ሲሄዱ በዚያ ያለው ሽሚያ ይበረታል።

የመርከብ ጉዞም አደጋ አለው። በጥር 2022 መጨረሻ በማዕበል የተነዳችው ጁልየታ ዲ የተባለች የጭነት መርከብ፣ በኔዘርላንድስ ጠረፍ በመገንባት ላይ በነበረ ጣቢያ የአንዱን መድረክ መሠረት ገጭታለች።

የጦር ኃይሎችም ቅሬታ አላቸው። የተርባይን መዘውር የራዳርን እይታ ያውካል። የስዊድን መንግሥት በ2024 በባልቲክ ባሕር የቀረቡ 13 የግንባታ ጥያቄዎችን በአገር መከላከያ ምክንያት ውድቅ አድርጓል።

በሌላ በኩል ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች፣ ቀጥሎም የነዳጅ ዘይት ወደብ የነበረችው የዴንማርኳ ኤስቢያው ዛሬ ተርባይን በመጫን ትታወቃለች። ከኮፐንሃገን ፊት ለፊት ያለው ሚድልግሩንደን ጣቢያ ደግሞ ነዋሪዎችን ማድመጥ የሚያስገኘውን ውጤት ያሳያል። በሦስት ረድፍ ሊቆሙ የታሰቡት 27 ተርባይኖች፣ ሕዝብ አስተያየት ከሰጠ በኋላ በአንድ ቅስት ወደሚሰለፉ 20 ተርባይኖች ተቀይረዋል። የጣቢያው ግማሽ ድርሻም ከ8,000 በላይ አባላት ባሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር የተያዘ ነው።

አገልግሎቱ ሲያበቃስ?

ቪንደቢ 25 ዓመት ገደማ አገልግሎ በ2017 ተነቅሏል። የዛሬዎቹ ግዙፍ ጣቢያዎች ተራ ሲደርስ ጥያቄው ይከብዳል። መሠረቱን ሙሉ በሙሉ ማንሣት በዙሪያው የተፈጠረውን አዲስ ሕይወት ያጠፋል፤ መተው ደግሞ ባሕሩን የብረት መጣያ የማድረግ ያህል ነው የሚሉ አሉ።

ለምሥራቅ አፍሪካ ያለው ትምህርት

በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እስካሁን ሥራ የጀመረ የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የለም። የአካባቢው ጣቢያዎች፣ የኢትዮጵያዎቹ አሸጎዳና አዳማ፣ የኬንያው ቱርካና እንዲሁም በጂቡቲ በ2023 የተመረቀው ባለ 60 ሜጋ ዋት ጣቢያ፣ ሁሉም በየብስ ላይ ናቸው።

ጥያቄዎቹ ግን ተመሳሳይ ናቸው። በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል የሚሰደዱ ንስሮችና ሽመላዎች የስምጥ ሸለቆንና የቀይ ባሕርን መስመር ተከትለው ይጓዛሉ፤ ብዙዎቹም በባብ ኤል መንደብ ይሻገራሉ። በግብፅ የስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ባሉ ጣቢያዎች ወፎች ሲቃረቡ ተርባይን የማቆም አሠራር ተለምዷል።

በኬንያ ደግሞ 365 ተርባይኖች ያሉት የቱርካና ጣቢያ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ፍርድ ቤት በ2021 የመሬቱ ይዞታ ሰነድ ሕጋዊውን ሥርዓት ሳይከተል የተሰጠ ነው ሲል ወስኗል። አቤቱታውን ያቀረቡት የአካባቢው ነዋሪዎች ነበሩ።

የአረፋ መጋረጃ ድምፅን ይቀንሳል፤ ተርባይንን ለጥቂት ሰዓታት ማዘግየትም ወፎችን ያተርፋል። በተሳሳተ ስፍራ የቆመን ጣቢያ ግን ከቦታው ማንቀሳቀስ አይቻልም። ስለዚህ በየብስም ሆነ በባሕር፣ ተፈጥሮን የሚያጠኑትም ሆኑ በአካባቢው ሠርተው የሚያድሩት ሰዎች መደመጥ ያለባቸው የመጀመሪያው ምሰሶ ከመመታቱ በፊት ነው።