ካሜራ ዘግይተው የያዙ ሰዎች

የዘንድሮው ጽሑፌ ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ ነው። ዕድርንና ፎቶግራፍን ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር ትንሽ ይታገሠኝ።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በተላላኪነት ነው። ቀጥሎ የዕቃ ግምጃ ቤት ረዳት፣ በመጨረሻም የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። መዝገብ ቤት ሳለሁ የሰውን ጉርድ ፎቶግራፍ በየፋይሉ ስለጥፍና ማኅተም ስመታበት ኖሬአለሁ። በ1998 ዓ.ም. እናቴ ስታርፍ ግን ለቅሶ ቤት የሚቆም ፎቶግራፍ ታጣ። ቤቱ ቢፈተሽ የተገኘው የመታወቂያዋ ጉርድ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ማኅተሙ ግማሽ ፊቷን ሸፍኖታል። ፎቶ ቤት ወስደን ብናሰፋው ማኅተሙም አብሮ ሰፋ። ያን ቀን ያፈርኩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ጡረታ ስወጣ ልጄ ካሜራ ገዛችልኝ። በስድሳ ዓመቴ ደግሞ ይህን ልማር እንዴ? ብዬ ነበር። ታሪኩን ሳነብ ግን ከሌላ ሥራ ተነሥተው ካሜራ የያዙ ሰዎች ብዙ ሆነው አገኘኋቸው።

በሀገራችን ፎቶግራፍ ካነሡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሄንሪ ስተርን ይባላል። ጀርመን ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ንግድ ሞክሮ፣ ኋላ ሚሲዮናዊ የሆነ ሰው ነው። በ1852 ዓ.ም. ግድም ሲመጣ ካሜራ ይዞ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ተቆጥተውት እስከ መቅደላ ጦርነት ድረስ ታስሮ ቆየ።

አልፍሬድ ኢልግም በ1871 ዓ.ም. ከስዊዘርላንድ ሸዋ የገባው በመሐንዲስነት ነው። ለዳግማዊ ምኒልክ ድልድይ ሠራ፣ ውሃ በቧንቧ ቤተ መንግሥት አስገባ፣ ቆይቶም አማካሪያቸው ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። ከዚያ ወዲህ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ፣ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ሆኑ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የእንግሊዛዊቷ የጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ታሪክ ነው። ይህች ሴት ልጆቿን አሳድጋ 48 ዓመት ሲሆናት፣ በ1856 ዓ.ም.፣ ልጇና አማቿ ካሜራ ሰጧት። የዶሮ ቤቷን ስቱዲዮ፣ የከሰል ማስቀመጫዋን ጨለማ ክፍል አደረገችው። ያን ጊዜ ፎቶ የሚነሣው መስታወት ላይ በተቀባ ኬሚካል፣ ያውም ሳይደርቅ ስለ ነበር እጇ እየጠቆረ ተማረች። ባለሙያዎቹ ሥራሽ ጠርቶ አይታይም ብለው ነቀፏት፤ እሷ ግን አልተወችም።

የኛን ልጅ ፎቶ ያነሣችው እንግዲህ እሷ ናት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰዉ። እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ ዐረፉ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተወሰደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ሐበሻ ባሻ ፈለቀ ከሚለው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ሆኖ፣ ዋይት በምትባለው ደሴት ከካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ፎቶግራፉን ያየ ሰው የሙት ልጅ ፊት ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ልዑል ዓለማየሁ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐርፎ ዊንድሰር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስልን ቢባል፣ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የሌሎችን አፅም ሳንነካ አይሆንም አለ። የሀገሩ ሰው ሳይቀብረው የቀረ ልጅ ነው እኮ! አፅሙ እዚያው ቢቀርም ፊቱ ግን እኛ ዘንድ አለ። ይህም የሆነው አንዲት ሴት በ48 ዓመቷ ጊዜዬ አልፏል ስላላለች ነው።

እንግዲህ አሳቤ ይህ ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ፣ መዋጮ በምንከፍልበት ቀን፣ የዕድራችን ዕቃ ቤት ደጃፍ ወንበር አኖራለሁ። የተክለ ሃይማኖት ሠፈር አባል የሆነ ሁሉ ይቀመጥ፤ ገንዘብ አልጠይቅም። አንዳንድ እናቶች «ልትቀብረን ነው ወይ?» ይሉኛል። ኧረ ለልጅ ሠርግም፣ ለልጅ ልጅ ክርስትናም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል! ከጀርባው ስምና ዓመተ ምሕረት እጽፍበታለሁ። ማኅተም ግን አልመታበትም።

ዕድሜና ጤና ይስጠን።