የግል ሚኒባስና የጋራ ጉዞ፦ ሕጉ ምን ይፈቅዳል? የትኛውስ ቢላላ ይጠቅማል?

በገዴራ፣ በቂርያት መላኪና በያቭኔ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚሠሩት ከከተማቸው ውጭ ነው። ገዴራ የራሷ የባቡር ጣቢያ የላትም፤ ባቡር የፈለገ ሰው ወደ ረሆቮት፣ ወደ ያቭኔ ወይም በ2018 ወደተከፈተው የማዝኬሬት ባትያ ጣቢያ መሄድ አለበት። በዚያው ዓመት የተከፈተው የቂርያት መላኪ–ዮአቭ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ሥራው ጎህ ሳይቀድ ለሚጀምር ወይም ሌሊት ለሚያበቃ ሠራተኛ ሚኒባስ ተጋርቶ መሄድ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሕጉ በዚህ ረገድ ምን እንደሚል ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን።

ሦስቱ የጉዞ ዓይነቶች

1. ሞኒት ሼሩት፦ እስከ 10 ተሳፋሪ የሚጭን የአገልግሎት ታክሲ ነው። በተወሰነ መስመር ይሄዳል፤ መስመሩን የሚፈቅደው የትራንስፖርት ሚኒስቴር ነው።

2. ሃሳዓ፦ አሠሪ ወይም ድርጅት አስቀድሞ ተዋውሎ ሠራተኞቹን የሚያመላልስበት ነው። ሾፌሩ ፌርማታ ላይ ቆሞ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስከፈለ መጫን አይችልም።

3. በግል መኪና መጋራት፦ ተሳፋሪው የጉዞ ወጪ ሊያዋጣ ይችላል፤ ባለመኪናው ግን ትርፍ ማግኘት አይፈቀድለትም።

እስካሁን የታየው

በ2015 ዌዝ የተባለው ድርጅት ጎረቤቶች ወደ ሥራ አብረው የሚሄዱበትን አገልግሎት በእስራኤል ሲጀምር፣ ነገሩ መተዳደሪያ እንዳይሆን ሾፌሩን በቀን በሁለት ጉዞ ወሰነው። አገልግሎቱ በ2022 ተዘጋ። ኡበር በበኩሉ በግል መኪና ሰው እያስከፈለ ማመላለስ ቢጀምርም፣ በ2017 የቴል አቪቭ ፍርድ ቤት በኢንሹራንስ ጉዳይ ምክንያት አስቆመው። በ2019 የቴል አቪቭ ማዘጋጃ ቤትና አጎራባች ከተሞች በሻባት ሚኒባስ ሲያሰማሩ ጉዞው በነፃ ሆነ፤ ያለ መንግሥት ፈቃድ ተሳፋሪን ማስከፈል አይቻልምና።

ማላላቱ ለማን ይጠቅማል?

ቁጥጥሩ ይላላ የሚሉት፣ የሠራተኛውን ሰዓትና መንገድ ከቢሮ ይልቅ የሰፈሩ ሾፌር ያውቀዋል ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ ሾፌሮች ገበያ ያለበትን መስመር ብቻ ይሻማሉ፣ ዳር ያለው ሰፈር ይረሳል ባዮች ናቸው። ይህ ስጋት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የሚኒባስ ታክሲዎች መንገድ እየቆራረጡ መጫናቸው ሕዝቡን ስላማረረ፣ በ2011 እያንዳንዱ ታክሲ መስመሩን የሚያሳይ ታፔላ ለጥፎ በተመደበበት ቀጠና እንዲሠራ ተደርጓል።

በእኛ አስተያየት መላላት የሚገባው መስመርና ሰዓት ነው። ለምሳሌ ከገዴራ ወደ ባቡር ጣቢያ በንጋት የሚመላለስ ሚኒባስ በቀላሉ ፈቃድ ቢያገኝ ማንንም አይጎዳም። የሾፌሩ ፈቃድ፣ የመኪናው ምርመራና ኢንሹራንሱ ግን ፈጽሞ መላላት የለባቸውም። ርካሽ ጉዞ አደጋ በደረሰ ቀን ውድ ይሆናል።

ከመሳፈርዎ በፊት

• ክፍያ የሚቀበል የሚኒባስ ሾፌር ተራ መንጃ ፈቃድ አይበቃውም፤ ለታክሲና ለትንሽ የሕዝብ ሚኒባስ የሚሰጠው «ዳሌት 1» ይባላል።

• የመኪናው ኢንሹራንስ ለክፍያ ማመላለስን የሚሸፍን መሆኑን ይጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

• በ1975 የወጣው የመንገድ አደጋ ካሳ ሕግ ተሳፋሪ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳያስረዳ የአካል ጉዳት ካሳ እንዲጠይቅ ያስችለዋል። መኪናው ኢንሹራንስ ባይኖረው «ካርኒት» የተባለው ፈንድ ስላለ፣ መብትዎን ሳይጠይቁ አይቅሩ።

• አሠሪው በራሱ ወጪ ደርሶ መልስ ካመላለሰዎ የጉዞ አበል አይከፍልም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ለሌላው መንገድ አበል ይገባዎታል፤ የደመወዝ ወረቀትዎን (ትሉሽ) ይመልከቱ። ያልገባዎት ካለ ዕብራይስጥ በደንብ የሚያነብ ልጅ ወይም ጎረቤት አብሮዎት እንዲያየው ያድርጉ።