የአራዳ ጐዳና በፎቶግራፍ ሲመረመር

በአዲስ አበባ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አደባባይ ወደ ፒያሳ በሚወስደው ጐዳና ላይ በልዩ ልዩ ዘመን የተነሡ ፎቶግራፎችን ሰብስበን በገበታ ላይ ብንደረድራቸው፥ ከብዙዎቹ ጀርባ አንድም ቀን ተጽፎ አናገኝም።

ቀን የሌለው ፎቶግራፍ ዘመኑን የሚናገረው በውስጡ በቆመው ነገር ነው። ለዚህ ጐዳና ዋናው ምስክር የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ነው። የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ስለ ሆነ፥ ፈረሰኛው ከታየ ፎቶግራፉ ከዚያ ወዲህ የተነሣ መሆኑ አያጠራጥርም። ካልታየሳ? እኛም አንድ ጊዜ ሐውልት የሌለበትን ፎቶግራፍ አይተን «ከ1923 በፊት» ብለን በድፍረት ጻፍንበት። አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ግን ተቀብለው ጥቂት ካዩት በኋላ፥ «ልጆቼ፥ በግንቡ ላይ ያለውን የፋሽስት ምልክት አላያችሁትምን?» አሉን። በእውነትም ጠላት በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ሐውልቱን አንሥቶ ሰውሮት ነበር፤ የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ነው።

የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ያዛወረውም ይኸው ጠላት ነው። ፒያሳና መርካቶ የሚባሉት ስሞች ከእርሱ ቋንቋ ቀርተውልናል፤ እኛስ አራዳ ማለት ይሻለናል።

በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሣ እሳት ከፊሉ ተቃጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲካሄድ በአቅራቢያው ያለው ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ስለ ነበሩ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን መልክ አቆይተውልናል። የልብስ ሰፊው ደጃፍ፥ የጠጅ ቤቱ በርና የእንጨት ሰገነቱ ግን የሚገኙት ሙሽሮች ቆመው በተነሡባቸው የቤተ ሰብ ፎቶግራፎች ውስጥ ነው። እነዚያም ከባለቤቶቻቸው ጋራ በየሣጥኑ ሆነው ሄደዋል፤ የማን ቤት እንደ ነበረ የሚያውቁትም አርጅተዋል።

ስለዚህ ከአንባቢዎቻችን መካከል እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ያለው ቢኖር፥ ዛሬውኑ ወደ አረጋዊው ወስዶ ዓመቱን፥ የባለቤቱን ስምና በግራና በቀኝ የነበረውን ቤት እየጠየቀ በጀርባው በእርሳስ እንዲጽፍ እንለምናለን። እኛም የተሳሳተውን ጽሕፈታችንን ሰርዘን፥ ሽማግሌው የነገሩንን ከበታቹ ጽፈንበታል።