ከሃምሳ ዓመት በኋላ የፓራሹት ዝላይ፤ ከመፈረም በፊት ማወቅ የሚገባን

አንድ ከእንጅባራ፣ ከዳንግላ ወይም ከጥርባ የተነሣ የሃምሳ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ዱባይ የምትኖር ልጁን ሊጠይቅ ሄደ እንበል። ልጅቱ ለአባቷ ስጦታ ብላ ከአውሮፕላን ላይ በፓራሹት የመዝለያ ትኬት ቆርጣ ትጠብቀዋለች። የአባትየው የመጀመሪያ ምላሽ «በዚህ ዕድሜዬ?» የሚል እንደሚሆን ለመገመት አያስቸግርም። ለመሆኑ መነሣት ያለበት ጥያቄ ይህ ነውን?

በዚህ ጸሐፊ እምነት አይደለም። ዕድሜ ብቻውን ሰውን ከሰማይ አያግድም። መጠየቅ ያለባቸው ሌሎች ሦስት ጉዳዮች ናቸው። አንደኛ፣ ሰውየው የሚዘለው ሌላ ሰው ተሸክሞት ነው ወይስ ራሱ ተምሮ? ሁለተኛ፣ አካሉና የሚዘልበት ቦታ ከፍታ ይስማማሉ ወይ? ሦስተኛ፣ ከመዝለሉ በፊት የሚፈርመው ወረቀት ምን ይላል? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ነጥቦች በቅደም ተከተል ለማየት ይሞክራል።

መሸከምና መማር

በተለምዶ «ፓራሹት ዘለልኩ» የሚል ቱሪስት አብዛኛውን ጊዜ የዘለለው ታንደም በሚባለው የጥንድ ዝላይ ነው። ይህ ዘዴ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። እንግዳው ከአሠልጣኙ ደረት ጋር በቀበቶ ይታሰራል። ከመሬት 3,000 እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ አብረው ይወጣሉ። በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት አንድ ደቂቃ ላልሞላ ጊዜ ይወርዳሉ። 1,500 ሜትር አካባቢ ሲደርሱ አሠልጣኙ ፓራሹቱን ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ አምስት ደቂቃ ያህል የሚወስድ ረጋ ያለ ውረድ ነው። እንግዳው ከመሳፈሩ በፊት የሚያገኘው ትምህርት ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ከእርሱ የሚጠበቀውም ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ሲወጣ ወገቡን ወደ ፊት መግፋት፣ እጁን ሲባል መዘርጋት፣ ሲያርፍ እግሩን ማንሣት።

መማር ግን ሌላ ነው። ተማሪው የራሱን ፓራሹት ይታጠቃል፣ ከፍታውን ራሱ ያነባል፣ ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ነድቶ ያርፋል። በአሜሪካ የተለመደው ሥርዓት ተማሪው ሙሉ ቀን ሊወስድ የሚችል የምድር ትምህርት ከወሰደ በኋላ ሁለት አሠልጣኞች በግራና በቀኝ ይዘውት ከ4,000 ሜትር ገደማ የሚዘልበት ነው። ሰባት ወይም ስምንት ደረጃዎችን አልፎ፣ ቢያንስ 25 ጊዜ ዘልሎና ተፈትኖ የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኛል። ሌላው መንገድ ፓራሹቱ ከአውሮፕላኑ ጋር በተያያዘ ገመድ ወዲያው የሚከፈትበት፣ ከ1,000 ሜትር ገደማ የሚዘለልበት ነው።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆርጅ ኸርበርት ዎከር ቡሽ ታሪክ በደንብ ያሳያል። ቡሽ እ.ኤ.አ. በ1944 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላናቸው ተመትቶ በፓራሹት የወረዱ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997፣ በ72 ዓመታቸው፣ ሠልጥነው፣ አሠልጣኞች በአጠገባቸው ሆነው ግን በራሳቸው ፓራሹት ዘለሉ። በ80 ዓመታቸው የነበረው ዕቅድም ብቻቸውን ለመዝለል ነበር። ሆኖም ነፋሱና ደመናው አላመች ስላለ ከአሠልጣኝ ጋር ታስረው ዘለሉ። በ85 እና በ90 ዓመታቸውም የዘለሉት በጥንድ ነው። የሰውየው ድፍረት አልቀነሰም፤ የተቀየረው መንገዱ ነው።

ሌላው ምሳሌ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በቴክሳስ አልፍሬድ ብላሽኬ የተባሉ አዛውንት በ106 ዓመታቸው በጥንድ ዘልለው የዓለም ክብረ ወሰን ይዘዋል። የመጀመሪያ ዝላያቸውን ያደረጉት መቶ ዓመት ሲሞላቸው ነበር። ይህ የሚያስደንቅ ቢሆንም «መቶ ዓመት የሞላው ሰው ፓራሹት ተማረ» ማለት አይደለም። በአንፃሩ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ከ41 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ዘልሎ የዓለምን የከፍታ ክብረ ወሰን የያዘው አላን ዩስታስ የ57 ዓመት ጎልማሳ ነበር። የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያ ሲሆን ለዚያች አንዲት ዝላይ ሦስት ዓመት ያህል ተዘጋጅቷል። በእነዚህ ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት የፈጠረው የልደት ቀን ሳይሆን ዝግጅት ነው።

ፓራሹት በአገራችን

የፓራሹት ወሬ በኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በትሪኒዳድ ተወልዶ በኒውዮርክ ሐርለም የታወቀው ሁበርት ጁልያን እ.ኤ.አ. በ1930፣ ከዘውድ በዓሉ በፊት፣ አዲስ አበባ መጥቶ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት በፓራሹት መዝለሉና በዚህም የኮሎኔልነት ማዕረግ ማግኘቱ ይነገራል። ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ የሚወዱትን አነስተኛ አውሮፕላን አስነሥቶ ከሰከሰው፤ ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ። ለተሰጥኦ ሽልማት እንዳለው ሁሉ ያለፈቃድ ለሚደረግ ድፍረትም ዋጋ እንዳለው ያኔም ታይቷል።

ከዚያ በኋላ ፓራሹት በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ አእምሮ ውስጥ የተቆራኘው ከአየር ወለድ ጦር ጋር ነው። በ1950ዎቹ በእስራኤላውያን አሠልጣኞች እገዛ የተደራጀው፣ በደብረ ዘይት (በዛሬዋ ቢሾፍቱ) ሰፍሮ የነበረው ይህ ጦር በ1966 ዓ.ም. የአብዮት ዋዜማም ስሙ ደጋግሞ የተነሣ ነው። ዛሬ በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ ከሚገኙት መካከል በወጣትነታቸው «ዣንጥላ የዘለሉ» ብዙ ናቸው። ለእነዚህ አባቶች አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። የወታደር ዝላይ በገመድ የሚከፈት፣ ከዝቅተኛ ከፍታ የሚደረግ፣ ክብ ፓራሹት የሚጠቀም፣ ሲያርፉም ተንከባልሎ መውደቅን የሚጠይቅ ነበር። የዛሬው የስፖርት ፓራሹት አራት ማዕዘን ነው፤ እንደ ክንፍ ወደ ፊት ይበርራል፤ ካልነዱትም ከነፍጥነቱ ከመሬት ጋር ያጋጫል። በ20 ዓመታቸው ያገኙት ልምድ ፍርሃትን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ በ65 ዓመታቸው ትምህርቱን አይተካም።

የደጋው አየር

ከአካባቢያችን አንፃር በጣም የሚዘነጋው ነጥብ ከፍታ ነው። በስፖርቱ የሚነገሩት ቁጥሮች የሚለኩት ከመሬት ነው። በባሕር ዳርቻ ከ4,000 ሜትር መዝለል ማለት ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ማለት ነው። እንጅባራ ግን ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚያ ሰማይ ተመሳሳይ ዝላይ ለማድረግ አውሮፕላኑ 6,500 ሜትር መድረስ አለበት፤ ይህም ከራስ ደጀን ጫፍ ሁለት ሺሕ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በአሜሪካ የስፖርቱ ደንብ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,600 ሜትር ገደማ በላይ ለሚዘሉ ሁሉ ተጨማሪ ኦክስጅን ያስፈልጋል ይላል።

ጉዳዩ የትንፋሽ ብቻ አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ፓራሹቱም በፍጥነት ይሄዳል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያርፍ ሰው፣ በዚያው ፓራሹት በባሕር ዳርቻ ከሚያርፈው ይልቅ ከአሥር በመቶ በላይ ፈጥኖ መሬት ይነካል። ለሃያ ዓመት ወጣት ይህ ልዩነት ቀላል ሊሆን ይችላል። ለሃምሳ አምስት ዓመት ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ መማር የሚፈልግ የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ቢማር ይመከራል። በኬንያ የባሕር ዳርቻ በዲያኒ፣ በዱባይ ወይም በሌላ ዝቅተኛ ቦታ ያሉ ማዕከላት ለጀማሪ የሚመቹት ባሕሩ ስለሚያምር ብቻ አይደለም።

አካል ምን ይጠየቃል?

በዚህ ስፖርት በብዛት የሚደርሰው ጉዳት የእግርና የቁርጭምጭሚት ነው፤ የሚደርሰውም በማረፍ ላይ ነው። አጥንት ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይሳሳል፤ በተለይ የወር አበባ ካቆመ በኋላ ሴቶችን ይህ ችግር ይበልጥ ይመለከታቸዋል። ለጥንድ ዝላይ አንድ ቀላል የቤት ውስጥ ሙከራ አለ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለቱን እግሮች ከፊት ለፊት ቀጥ አድርገው አንሥተው ጥቂት ሰከንዶች ለመያዝ ይሞክሩ። ይህን የማይችል ሰው ሲያርፍ እግሩን ከአሠልጣኙ እግር በላይ ማንሣት ይቸግረዋል፤ መሬቱም ቀድሞ የሚያገኘው የእርሱን እግር ይሆናል።

የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ በኢንሱሊን የሚታከም ስኳር፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የጀርባ አጥንት ወይም የትከሻ ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መዝለል የለበትም። ለሐኪሙም «ስፖርት ልሠራ ነው» ማለት አይበቃም፤ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ይንገር። ጉንፋን የያዘው ሰው ቀኑን ያራዝም፤ በፍጥነት በሚወረድበት ጊዜ የጆሮና የሳይነስ ግፊት ከባድ ሕመም ያስከትላል። ብዙ ማዕከላት በጥንድ ለሚዘሉ 100 ኪሎ አካባቢ የሆነ የክብደት ገደብ አላቸው፤ ይህም ከዕድሜ ገደብ ይልቅ ብዙ ጎልማሶችን የሚመልስ ነው።

መማር ለሚፈልጉ ደግሞ አንድ ጠቃሚ መንገድ አለ። ነፋስ ከታች ወደ ላይ በሚነፍስበት ቤት ውስጥ፣ ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብሎ፣ የአየር ላይ አቋም መለማመድ ይቻላል። ጎልማሳ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ድፍረት ሳይሆን አዲስ እንቅስቃሴ በቶሎ መልመድ ነው፤ ደጋግሞ መለማመድ ደግሞ ይህን ይሞላል። ትምህርቱን ጀምሮ ለስድስት ወር አቋርጦ ካቆመበት እቀጥላለሁ ማለትም አያዋጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

አደጋው በቁጥር

የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያ አገር ከተደረጉት 3.65 ሚሊዮን ያህል ዝላዮች መካከል የሞት አደጋ ያጋጠመው በአሥሩ ነው። ሕዝቡ እንደሚገምተው «ፓራሹቱ አልከፈት ብሎ» የሚሞተው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ አደጋዎች የሚደርሱት ፓራሹቱ በደህና ከተከፈተ በኋላ፣ በነዳጁ ስህተት፣ በማረፍ ላይ ነው። መጠባበቂያ ፓራሹት አለ። ሰውየው ራሱን ቢስት እንኳ ከፍታንና ፍጥነትን ለክቶ መጠባበቂያውን የሚከፍት መሣሪያም አለ።

ነገር ግን ይህ ቁጥር የአሜሪካ ነው። ከቁጥሩ ጀርባ ደንብ አለ። እዚያ መጠባበቂያው ፓራሹት ቢያንስ በየ180 ቀኑ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ተፈትሾ እንደገና መታጠፍ አለበት። በማኅበሩ ደንብ ሰው ይዞ የሚዘል አሠልጣኝ ቢያንስ 500 ዝላይና የሦስት ዓመት ልምድ ሊኖረው ይገባል። ደንቡ በሌለበት ቦታ ቁጥሩን መጥቀስ ራስን ማታለል ነው።

የሚፈረመው ወረቀት

ወደ ሕጉ እንምጣ። የትም ቦታ የሚዘል ሰው በቅድሚያ ረዘም ያለ የኃላፊነት መልቀቂያ ይፈርማል። ብዙ ሰው ደግሞ ሳያነብ ይፈርማል። በእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው። ዱባይ ወይም ቴክሳስ የተፈረመ ወረቀት ደግሞ ክርክሩ በዚያው አገር ሕግና ፍርድ ቤት እንዲታይ የሚል አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። ለተጎጂው ቤተሰብ ይህ አንድ መስመር ከገጹ ሁሉ የከበደ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2068 ስለ ስፖርት ይናገራል። በስፖርት ጨዋታ ላይ ሌላውን ተጫዋች ወይም ተመልካች የጎዳ ሰው፣ ተንኰል ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ መጣስ ከሌለ ኃላፊ አይሆንም ይላል። ይህ አንቀጽ ግን የሚጠብቀው አብሮ የሚጫወተውን ነው። ገንዘብ ተቀብሎ፣ ያልተፈተሸ ፓራሹት አስታጥቆ ሰው ወደ ሰማይ የሚያወጣ ነጋዴ በዚህ አንቀጽ ጥላ ሥር መጠለል የሚችል አይመስለኝም።

ሌላው መድን ነው። ብዙ የጉዞና የሕይወት መድን ውሎች አደገኛ ስፖርቶችን ከሽፋን ውጭ ያደርጋሉ። ከሃምሳ በኋላ የሚዘል ሰው የትዳር ጓደኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆችና ያልተከፈለ የቤት ብድር ሊኖሩት ይችላል። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት የመድን ውሉን ያንብብ፤ ለኩባንያውም በጽሑፍ ያሳውቅ።

ደንብ ይቅደም

በአገር ውስጥስ? ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በቺካጎ ስምምነት አባሪ 2 ላይ፣ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ማንኛውም የፓራሹት ዝላይ አግባብ ያለው ባለሥልጣን ባወጣው ሁኔታ መሠረት ብቻ እንዲፈጸም ይደነግጋል። እንግዲህ በአገራችን ሰው አዝላለሁ የሚል ድርጅት ሲመጣ መጠየቅ ያለበት ዋጋው ብቻ አይደለም። ፈቃዱን ማን ሰጠ? መጠባበቂያውን ማን፣ መቼ አጠፈው? አሠልጣኙ ስንት ጊዜ ዘልሏል? የማረፊያው ከፍታ ስንት ነው? ቅርቡ ሆስፒታል የት ነው?

አደጋን በሥርዓት መያዝ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በአዊ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና ዛሬ ከ60 ሺሕ በላይ አባላት እንዳሉት የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ሽማግሌዎች ከወጣቶች ጋር በፈረስ ሲጋልቡ ይታያል። በጋላቢ ፈረስ ላይ መቀመጥም አደጋ አለው። ነገር ግን ፈረሰኛው ከልጅነቱ ጀምሮ ተምሯል፤ የሚያውቀውና የሚቆጣጠረው ማኅበርም አለው። በኮርቻ ላይ ላለ ሽማግሌ «በዚህ ዕድሜህ?» የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

ለፓራሹትም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ትምህርት፣ ማኅበርና ደንብ። እነዚህ ባሉበት ቦታ የሃምሳ፣ የስድሳ ዓመት ሰው ሐኪሙን አማክሮ፣ ወረቀቱን አንብቦ ቢዘል መብቱ ነው። በሌሉበት ቦታ ግን የሃያ ዓመት ወጣትም ቢሆን እምቢ ማለት አለበት።