ሚኒ ሚዲያ እና የከሚሴ ሁለት ቋንቋዎች

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የመገናኛ ብዙኃንን ሥራ በተግባር የሚለማመዱት በአብዛኛው በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብ ነው። ማይክሮፎን፣ አምፕሊፋየርና ከፍ ብሎ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ለሥራው ይበቃሉ። ተማሪዎች ዜና ይጽፋሉ፤ ኃላፊው መምህር ያርማል፤ ጽሑፉ በሰልፍ ወይም በእረፍት ሰዓት ይነበባል። በ1997 ዓ.ም. የጀመረው፣ በቴሌቪዥን የሚሰጠው የፕላዝማ ትምህርት ተማሪውን ተመልካች ሲያደርገው፣ ሚኒ ሚዲያው አዘጋጅ ያደርገዋል።

የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በከሚሴ ጉዳዩ የቋንቋም ነው። የክልሉ የአማርኛ ጋዜጣ በኩር በ1987 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የክልሉ መገናኛ ብዙኃን ከጊዜ በኋላ በአፋን ኦሮሞ ሂርኮ ጋዜጣን እንዲሁም የሬዲዮና የቴሌቪዥን ዝግጅቶችን ጨመረ። በዞኑ አፋን ኦሮሞ የሥራ ቋንቋ በመሆኑ፣ በሁለቱም ቋንቋዎች ዜና መጻፍ የሚችል ተማሪ ሰፊ አድማጭ ያገኛል።